ማለስለሻ ጄልና በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ ቫይረሶች

ማለስለሻ ጄል በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወቅት የሚከሰተውን ድርቀትና ሰበቃ ለመቀነስ የሚያገለግል፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ ምርት ነው። ጡት የምታጠባ ወይም የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት ድርቀት ሊያጋጥማት ስለሚችል ጄል መጠቀም የሚያሳፍር አይደለም። ሆኖም የሚያለሰልስ ሁሉ ከበሽታ አይከላከልም፤ አንዳንዱም አደጋውን ይጨምራል።

እንደ ሮብ ገበያ ባሉ አነስተኛ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ጄል ሲታጣ በቤት ውስጥ ያለ ቫዝሊን፣ ቅቤ ወይም የምግብ ዘይት እንደ ምትክ ሊታሰብ ይችላል። ቅባት ግን የላቴክስ ኮንዶምን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክማል። ኮንዶም ሲቀደድ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ለኸርፐስ ቫይረሶች በር ይከፈታል። ከኮንዶም ጋር የሚስማማው ከውኃ ወይም ከሲሊኮን የተሠራ ጄል ነው።

ኖኖክሲኖል 9 የተባለው የወንድ ዘር ገዳይ ኬሚካል በቤተ ሙከራ ኤች አይ ቪን ያጠፋ ስለነበር ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በቤኒን፣ በአይቮሪ ኮስት፣ በደቡብ አፍሪካና በታይላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ግን ጄሉን አዘውትረው የተጠቀሙ ሴቶች በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው መጨመሩን አሳየ። ኬሚካሉ ቫይረሱን የሚገታውን ስስ የብልት ሽፋን ያቆስላልና። ስለዚህ ይህ ስም የተጻፈበትን ጄል ለበሽታ መከላከያ መጠቀም አይገባም። እጅግ የተከማቸ ጄልም ከሽፋኑ ሕዋሳት ውኃ እየሳበ ሊጎዳቸው ይችላል።

ከባሕር አረም የሚገኘው ካራጊናን የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ጄል በሴቶች ላይ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሊቀንስ እንደሚችል በካናዳ የተደረገ ጥናት አመልክቷል። ይህ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ለልጃገረዶች የሚሰጠውን ክትባት አይተካም።

በመሆኑም የሚከተሉትን መፈጸም ይመከራል፦
1. ጄሉን ከመግዛት በፊት ይዘቱንና የመጠቀሚያ ጊዜውን ማንበብ፣ ማንበብ ለማይችሉም የመድኃኒት ባለሙያውን መጠየቅ፤
2. ጄሉን ምንጊዜም ከኮንዶም ጋር መጠቀም፤
3. ማቃጠል፣ ማሳከክ ወይም ቁስል ከታየ ማቆምና ጤና ጣቢያ መሄድ፤
4. ኮንዶም ከተቀደደ ሳይዘገዩ፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ኤች አይ ቪን የሚከላከለውን መድኃኒት ለማግኘት ወደ ጤና ተቋም መቅረብ።

ጄል የኮንዶም ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።