ባለ ሁለት ምትና ባለ አራት ምት ሞተሮች የሚያወጡት ጭስ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማል። በበጋ ውሃ ለመሳብ የሚያገለግሉት አነስተኛ የቤንዚን ፓምፖች አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት ምት ናቸው። በጀርባ የሚታዘሉ የሞተር መርጫዎችና የሞተር መጋዞች ግን በብዛት ባለ ሁለት ምት ናቸው። የሁለቱን ጭስ ልዩነት ማወቅ ነዳጅንም ጤናንም ለመጠበቅ ይረዳል።

1. የአሠራር ልዩነት

ባለ አራት ምት ሞተር መሳብን፣ መጭመቅን፣ ማቃጠልንና ጭስ ማስወጣትን ለየብቻ ያከናውናል። መግቢያና መውጫው በቫልቭ ይዘጋል፤ ዘይቱም በራሱ ቋት ይቀመጣል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ይህንኑ ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ ሲወርድ ይጨርሳል። መግቢያውና መውጫው ለአፍታ አብረው ስለሚከፈቱ፣ ካርቡራተር ባለው ሞተር ከገባው ነዳጅ ሩብ ያህሉ ሳይቃጠል ሊያመልጥ ይችላል። ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚቃጠልም ሰማያዊ ጭስ ይታያል። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ ባለ ሁለት ምት ባለ ሦስት እግር ታክሲዎች በ2003 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የታገዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ባለ አራት ምት ሞተር ያልተቃጠለ ነዳጅ በብዙ እጅ ያነሰ ያወጣል፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ግን ጥቂት ይበልጣል። መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሁለቱም ያወጣሉ።

2. የከፍታው ችግር

አካባቢያችን ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጉልበት ይቀንሳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይጨምራል።

የፓምፑ የመሳብ አቅምም ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ 7 ሜትር ያህል የሚስብ ፓምፕ እዚህ ከ5 ሜትር ብዙ አያልፍም። አንዳንድ ሰው ፓምፑን ወደ ጉድጓድ የሚያወርደው ለዚህ ነው። ይህ ሕይወት ያጠፋል።

3. ማድረግ የሚገባ

ሀ. ለባለ ሁለት ምት ሞተር በአምራቹ መመሪያ የተጻፈውን የዘይት ልክ መጠበቅ። 1 ለ 50 ከተባለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃል። ዘይቱን በዓይን ግምት መጨመር አይገባም።

ለ. የአየር ማጣሪያውን ዘወትር ማጽዳት፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ካበዛ ካርቡራተሩን ለከፍታው በባለሙያ ማስተካከል።

ሐ. ማኅበሩ አዲስ ዕቃ ሲገዛ፣ ሥራው የሚፈቅድ ከሆነ ባለ አራት ምቱን መምረጥ።

መ. ነዳጅ ከወንዙና ከመደቡ ርቆ መቅዳት።

4. ማስጠንቀቂያ

ባለ አራት ምት ሞተር ጭሱ ስለማይታይ ንጹሕ ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ ማንኛውንም የነዳጅ ሞተር በጉድጓድ ወይም በተዘጋ ቤት ውስጥ ማስነሳት ፈጽሞ አይገባም። ውሃው ጥልቅ ከሆነ በገመድ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሳቢያ ይፈለግ።

በጉድጓድ ውስጥ ሰው ከወደቀ ሌላው ተከትሎት አይውረድ። ሁለተኛው ሰው የሚሞተው ለመርዳት ሲል ነውና፣ ከላይ በገመድ መጎተት ካልተቻለ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ይገባል። የልማት ሠራተኞች ይህን በየማኅበሩ ስብሰባ ደጋግመው እንዲያስረዱ አደራ እንላለን።