ገመዱ እስኪፈታ

ልጄ፣ ቢሮ ገብተህ የሚሻሩ ደንቦችን እንድትለይ መታዘዝህን ሰማሁ። እኔ ሕግ አልተማርኩም፤ ግን እህል በረንዳ ስነግድ ብዙ ሕግ ሲወጣና ሲሻር አይቻለሁ።

1. ከኬላ ጀምር። በደርግ ጊዜ ገበሬው ኮታ ነበረበት፤ ነጋዴውም ከጫነው ላይ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ካላስረከበ አያልፍም። ትርፍ አምራቹ አገር እህል ሲረክስ፣ ጎደሎው አገር ይወደድ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ኮታው ሲቀር ማንም አቅጣጫ አላሳየንም፤ መኪናው ራሱ እህል ወደሚፈለግበት ሄደ። ዛሬም ስሙን ለውጦ የተተከለ ኬላ ካገኘህ ከዝርዝርህ አናት ላይ አስቀምጠው።

2. ለሠራተኛ ሰው ጣሪያ አታብጅ። የ1968ቱ አዋጅ የግል ካፒታልን ለችርቻሮ 200 ሺህ፣ ለጅምላ 300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ 500 ሺህ ብር ላይ ቆረጠው። ጣሪያውን የነካ ሰው ሁለተኛ ወፍጮ አይተክልም፤ ብሩን ይደብቃል።

3. ዋጋ በትእዛዝ አይወርድም። በ2003 ዓ.ም. በዘይት፣ በስኳር፣ በሥጋና በሌላውም ላይ ጣሪያ ወጣ፤ ዕቃው ከሱቅ ሸሸ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ከአብዛኛው ላይ ተነሣ። ብሩ ሲበዛ ባለሱቅ ማሰር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

4. ገመድ የሌለውንም ኬላ ፈልግ። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ብድር በሰጡ ቁጥር የብድሩን 27 በመቶ ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ ይገዙ ነበር። መንገድ ላይ የቆመ ዘበኛ አልነበረም፤ ብድር ፈላጊው ግን ወረፋው ለምን እንደረዘመ ሳያውቅ ይመለስ ነበር።

5. ሁሉንም አትሻር። በበርበሬ ሸክላ፣ በቅቤ ሙዝ ለሚቀላቅል ሕግ አይነሣለትም። ሚዛን የሚፈትሸውንም ተወው። ደንቡ በላተኛውን ከጠበቀ ይቆይ፤ ነባሩን ነጋዴ ከአዲስ ተወዳዳሪ የሚጠብቅ ከሆነ ይሂድ።

6. ፊርማው ላይ አትቁም። በ1982 ሬዲዮ ሰምተን፣ ደስ ብሎን ጭነን ወጣን። አንድ ኬላ ላይ ጠባቂው «ደብዳቤ አልደረሰኝም» ብሎ ሦስት ሌሊት አሳደረን፤ ጤፉን ዝናብ መታው። አዲስ አበባ የተሻረ ሕግ እዚያ ገና በሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ ዝርዝሩን ጽፈህ ስትጨርስ አንድ ቀን ከሹፌር ጎን ተሳፈርና ገመዱ መፈታቱን በዓይንህ እይ።