የጤና ሥልጠና ማስታወቂያ ሲወጣ

ጥቅምትና ኅዳር በቆሎ የሚደርስበት፣ በርበሬ የሚቀላበት ጊዜ ነው። በብር ወንዝ ሸለቆ ግን ወባም የሚበረታው በዚሁ ጊዜ ነው። ደም መርምሮ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው በአቅራቢያ ካለ በሽተኛው ቶሎ ይድናል። ከሌለ በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ማድረስ ይመጣል።

ታዲያ ያ የጤና ሠራተኛ ከየት ይገኛል? ከሰማይ አይወርድም። ከገበሬ ልጆች መካከል ተመርጦና ተምሮ ይመጣል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ምርጫ ነው።

ሥልጠናው እንዴት ተጀመረ?

በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አሠለጠነ። ተመራቂዎቹም ገጠር ወርደው ሕዝቡን እንዲያገለግሉ ተደረገ።

በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ተወሰነ። ያን ጊዜ ለመመረጥ 10ኛ ክፍል መጨረስ፣ በአካባቢው መኖርና ቋንቋውን መናገር ያስፈልግ ነበር። በምርጫው የቀበሌው ሕዝብም የወረዳው መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ ነበራቸው። የተመረጡት ሴቶች አንድ ዓመት ተማሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠለጠኑ።

ከዚያው አካባቢ የተመረጡት ለምንድን ነው? እናት ምሥጢሯን ለማታውቀው ሰው አትናገርም። የመንደሩን ጓዳ የሚያውቀው የመንደሩ ልጅ ነው። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይባል የለ!

መስፈርት ምንድን ነው?

እህል በቁና ይሰፈራል። አመልካችም በመስፈርት ይሰፈራል። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ በሆነ ቁጥር መስፈርቱ ይጠብቃል።

መስፈርት ይለወጣል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «የጎረቤት ልጅ በ10ኛ ክፍል ውጤት ገብታ የለም እንዴ!» ብሎ ልጅን ከ10ኛ ክፍል ማስቀረት ትልቅ ኪሳራ ነው። የዘንድሮው መስፈርት የሚገኘው በዘንድሮው ማስታወቂያ ላይ ነው። በወሬ መሄድ አይገባም።

ከማስታወቂያው ምን ይነበባል?

ማስታወቂያ ሲለጠፍ ወላጅም ልጅም ቆመው ያንብቡ። በተለይ እነዚህን ነገሮች ይፈልጉ።

1. የትምህርቱ ዓይነትና ደረጃ። ነርስ፣ አዋላጅ፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ እያንዳንዱ የተለየ ሙያ ነው።
2. የሚፈለገው ውጤት። የስንተኛ ክፍል? የየትኛው ዓመት?
3. የመመዝገቢያው ቦታ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን።
4. የሚቀርበው ማስረጃ። ዋናውና ኮፒው።
5. የመግቢያ ፈተና ካለ ቀኑና ሰዓቱ።

ያነበቡትን በወረቀት ጽፎ መያዝ ጥሩ ነው። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ የጤና ሳይንስ ኮሌጆች አሉ። ማንኩሳ ያለችው ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ሆኖም ቀኑን ሳያውቁ መንገድ መጀመር የትራንስፖርት ገንዘብ ማባከን ነው።

ወረቀት አስቀድሞ ይሰናዳል

ዘር የሚመረጠው ዝናብ ሲጥል አይደለም፤ ቀደም ብሎ ነው። ማስረጃም እንዲሁ ነው። የትምህርት ማስረጃ፣ የፈተና ውጤት፣ መታወቂያና ፎቶግራፍ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ስም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ መሆን አለበት። የአያት ስም በመታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት፣ በትምህርት ማስረጃው ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ ልጅቷ ስታመለክት ትቸገራለች። ስሕተት ከተገኘ ምዝገባ ሳይደርስ ይታረም። ኮፒም በቤት ይቀመጥ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማስረጃ ለማውጣት መሄድ ቀላል አይደለም።

«ዘመድ የሌለው አይገባም»

ይህ ንግግር በየገበያው ይሰማል። ይህን ወሬ ይዞ ደላላ ይመጣል። «ገንዘብ ስጡኝ፣ እኔ አስገባታለሁ» ይላል። ወላጅም ጥጃውን ሸጦ ይሰጣል። ደላላው ግን ደረሰኝ አይሰጥም። ልጅቷ ብትገባ «በእኔ ነው» ይላል፤ ብትቀር አይገኝም።

ክፍያ ካለ በማስታወቂያው ላይ ይጻፋል፤ ሲከፈልም ደረሰኝ ይሰጣል። ምርጫው ተዛብቷል የሚል ሰው ቅሬታውን በጽሑፍ ያቅርብ። ቀኑን ይጻፍበት፣ ይፈርምበት፣ ኮፒውን ያስቀር። በአፍ የተነገረ ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ይጠየቅበታል።

የግል ኮሌጅ ሲሆን ደግሞ የእውቅና ፈቃዱ ይታይ። አንድ ኮሌጅ ለአንዱ ሙያ ፈቃድ ኖሮት ለሌላው ላይኖረው ይችላል። ሳይጠይቁ ከፍሎ መማር ኋላ የማያሠራ ወረቀት ይዞ መቅረት ነው። ትምህርቱ ሲያልቅም የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ያን ማለፍ ያስፈልጋል።

የወላጅ ድርሻ

ውጤት የሚገኘው በማጥናት ነው። ሴት ልጅ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ እንጀራ ስትጋግር ውላ ማታ ደክሟት ከተኛች በምን ጊዜ ታጠናለች? ሥራውን ወንድሟም ይካፈል። ከ18 ዓመት በፊት መዳር በሕግ የተከለከለ ነው። ከ18 ዓመት በላይ ብትሆንም ፈተናዋን ሳትጨርስ ለሠርግ ማጣደፍ ዕድሏን መዝጋት ነው።

ተወዳድራ ሳትመረጥ ብትቀርስ? ቦታው ጥቂት ነውና ጎበዝም ይቀራል። ስድብ አይገባትም። በሌላ ሙያ ወይም በሚቀጥለው ዓመት ልትወዳደር ትችላለች። ማስረጃዋ ተሟልቶ ከተቀመጠ ሁለተኛው ጊዜ ይቀላል።

ጥያቄዎች

1. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከዚያው አካባቢ የተመረጡት ለምንድን ነው?
2. ከማስታወቂያ ላይ የሚነበቡትን አምስት ነገሮች ጻፉ።
3. በቤታችሁ ያሉትን የልጆቻችሁን ማስረጃዎች አውጥታችሁ ተመልከቱ። ስሙ በሁሉም ላይ አንድ ነው?
4. ደላላ ገንዘብ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ከጎረቤታችሁ ጋር ተወያዩ።