የአሠራር ገለጻ፤ ቁራጭ ተክል በቤት ውስጥ ሥር እንዲያወጣ የሚስማማው ብርሃን

ባለፈው ትምህርት ስለ ሥዕላዊ ድርሰት ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ለሌላ ሰው በጽሑፍ ማስረዳትን ትለማመዳላችሁ። የአሠራር ገለጻ ከሌሎች ድርሰቶች የሚለየው አንባቢው ያነበበውን ይዞ ወደ ሥራ የሚገባ በመሆኑ ነው። በሌላ ድርሰት ውስጥ የተድበሰበሰ ቃል ቢገኝ አንባቢን ያሰለች ይሆናል፤ በአሠራር ገለጻ ውስጥ ሲገኝ ግን ሥራውን ያበላሻል።

አንድ ቤተሰብ ለብዙ ዓመታት ከኖረበት ግቢ ለቆ ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሊዛወር ነው እንበል። በደጃፉ አያት የተከሉት ጽጌረዳና የጥብስ ቅጠል አለ። ያረጀ ቁጥቋጦ ተነቅሎ ሲዛወር ላይጸድቅ ይችላል፤ ቤቱ ከፈረሰ በኋላም ተመልሶ የሚቆረጥ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ቤተሰቡ ቅርንጫፎች ቆርጦ በአዲሱ ቤት ሥር እንዲያወጡ ለማድረግ ወሰነ። ከልጆቹ አንዱ አሠራሩን ጠይቆ በወረቀት ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፤

«ቅርንጫፉን ቆርጦ በጣሳ መትከል። ውሃ ማጠጣት። በቂ ብርሃን ባለበት ማስቀመጥ።»

ከተጻፈው ውስጥ ሐሰት የሆነ ነገር የለም። ይሁን እንጂ ይህን ብቻ ይዞ የሚሠራ ሰው ቁራጮቹን በሙሉ ሊያደርቃቸው ይችላል። «በቂ» ማለት ለማን፣ ምን ያህል ነው? በደጅ ለቆመው ለእናቱ ተክል የሚበቃው ብርሃን ሥር ለሌለው ቁራጭ ገዳይ ነው። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከልጁ ጽሑፍ ጋር አነጻጽሩት።

ምንባብ

ለመተከል የተቆረጠ ቅርንጫፍ ቅጠል አለው፤ ሥር ግን የለውም። ቅጠሉ ሳያቋርጥ ውሃ በትነት ያወጣል፤ ከተቆረጠው አፍ በኩል የሚገባው ውሃ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀጥተኛ ፀሐይ ሲያርፍበት ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ቁራጩም ሥር ሳያወጣ ይደርቃል። እርጥበት ለመጠበቅ ሲባል በላስቲክ ከረጢት የተሸፈነ ከሆነማ ከረጢቱ ሙቀቱን ስለሚያምቀው በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንደ ጎመን ይቀቀላል።

ይህን የተረዳ ሰው ቁራጩን ከጨለማ ጥግ ሊወሽቀው ያስብ ይሆናል። ይህም አይበጅም። አዲሱ ሥር የሚሠራው ቅጠሉ በብርሃን ኃይል ከሚያዘጋጀው ምግብ ነው። ብርሃን ካነሰ ቁራጩ በግንዱ ያከማቸውን ምግብ ይጨርሳል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ ግንዱም ከታች በኩል መበስበስ ይጀምራል።

እንግዲህ የሚፈለገው ደማቅ፣ ነገር ግን ቀጥተኛ ያልሆነ ብርሃን ነው። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። እኩለ ቀን ላይ ጣሳው በሚቀመጥበት ቦታ ነጭ ወረቀት ዘርጉ፤ እጃችሁንም ከወረቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። የጥላው ጠርዝ ጥርት ብሎ ከታየ ብርሃኑ ለቁራጭ ይበረታል። ጥላው እየታየ ጠርዙ የደበዘዘ ከሆነ ቦታው ተስማሚ ነው። ጥላ ፈጽሞ ካልታየ ግን ጣሳውን ወደ መስኮቱ አቅርቡት።

በምሥራቅ በኩል ያለ መስኮት የሚያስገባው የማለዳ ፀሐይ ለስላሳ ስለሆነ እምብዛም አይጎዳም። የምዕራቡ ግን ቀኑ ከሞቀ በኋላ የሚመጣውን ፀሐይ ስለሚያስገባ ስስ ነጭ መጋረጃ ያስፈልገዋል። የሰሜን መስኮት ፀሐይ የማይገባበት ነው የሚለው አባባል የተወሰደው ለአውሮፓ ከተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት ነው። እንዳለ ገልብጦ ለአዲስ አበባ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ትገኛለች፤ በመሆኑም ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በክረምት ደመና ይሸፍናታል፤ በግንቦት ግን ጠዋትና ማታ በሰሜን መስኮት በሰያፍ ትገባለች። በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብ መስኮት ዘልቃ ትገባለች። ስለሆነም የወረቀቱን ፈተና በየወሩ ድገሙት።

መስኮት በማይደርስበት ክፍል የኤሌክትሪክ መብራት ያገለግላል። ረጅሙን የፍሎረሰንት መብራት ወይም የኤልኢዲ አምፑል ከቁራጩ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ በቀንም ከ12 እስከ 16 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ አብሩት። የቀድሞው ባለ ክር አምፑል የሚወስደውን ኤሌክትሪክ በአመዛኙ ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከአንዲት ትንሽ አምፑል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን አንድ አራተኛ ብቻ እንደሚሆን አትዘንጉ።

የጥብስ ቅጠል ሥር ለማውጣት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። አዲስ ቅጠል ብቅ ሲልና ቁራጩ ቀስ ተብሎ ሲሳብ አልነቀል ሲል ሥር መያዙ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ አታውጡት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቂት በጥቂት አለማምዱት።

የቋንቋ ጥናት

በምንባቡ ውስጥ «በቂ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልገባም። በእርሱ ምትክ የገባው አንባቢው በዓይኑ የሚያየው ነገር፣ ማለት የጥላው ጠርዝ ነው። ቁጥር መስጠት በሚቻልበት ቦታ ቁጥር ስጡ፤ በማይቻልበት ቦታ ደግሞ የሚታይ ምልክት ስጡ።

አንቀጾቹንም ተመልከቱ። የልጁ ጽሑፍ «መትከል»፣ «ማጠጣት» እያለ በንዑስ አንቀጽ ስለሚያበቃ ሥራውን ማን እንደሚሠራው አይናገርም። በምንባቡ ውስጥ ግን አንባቢው የሚሠራው ሥራ በትእዛዝ አንቀጽ ተነግሯል፤ «ዘርጉ»፣ «ስቀሉ»፣ «ድገሙት» ይላል። ምክንያቱና ውጤቱ ደግሞ «ይጠወልጋል»፣ «ይረግፋል» በሚሉ ቃላት በትንቢት አንቀጽ ቀርቧል። አንባቢው ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሚያደርገው ሳይምታታበት የሚለየው በዚህ ነው። «ከታየ»፣ «ካልታየ» የሚሉትም ሁኔታን ስለሚያመለክቱ ከኋላቸው ምን መደረግ እንዳለበት ካልተነገረ ሐሳቡ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

መልመጃ

1. ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ቤተሰቡ የገባበት ክፍል ያለው መስኮት አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም በደቡብ በኩል ነው። የልጁን ጽሑፍ ለዚህ ክፍል እንዲስማማ አድርጋችሁ በአንድ አንቀጽ እንደገና ጻፉ። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ምክንያቱን በ«ስለ» ወይም በ«ምክንያቱም» አያይዙ።

2. «በደንብ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ትንሽ ቆይቶ» የሚሉት ቃላት በአሠራር ገለጻ ውስጥ ዘወትር ይገባሉ። እናታችሁ ወይም ሌላ ሰው እንጀራ ሲጋግሩ ተመልክታችሁ ምጣዱ መስማቱ የሚታወቅበትን ምልክት ከእነዚህ ቃላት አንዱንም ሳትጠቀሙ ጻፉ።

3. ጽሑፋችሁን አሠራሩን ፈጽሞ ለማያውቅ ጓደኛ ሰጥታችሁ እያነበበ እንዲሠራ አድርጉ። ቆም ብሎ ጥያቄ የጠየቀበትን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት፤ እርሱንም ብቻ አሻሽላችሁ ጻፉ።