አባታችን ሆይ ማለትና መታዘዝ



ክርስቲያን ከመኝታው ሲነሣ፣ ማዕድ ሲቀርብለት፣ ጉባኤም ሲፈጸም አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። ከዚህ ጸሎት አስቀድሞ የሚገኘው ቃል አባት የሚለው ነው። ጌታችን ጸሎትን ሲያስተምር፣ እግዚአብሔር ንጉሥም ዳኛም ሲሆን፣ በዚህ ስም እንድንጠራው ፈቀደልን። ቃሉ ለአንደበት ቀላል ነው፤ በኑሮ ሲገለጥ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም መታመንና መታዘዝ ነው።

ልጅነትን ያገኘነው በጥምቀት ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወሰድ፣ ሕፃናቱ የሠሩት በጎ ሥራ፣ የጠበቁትም ሕግ የለም። አፋቸውን ሳይፈቱ የእግዚአብሔር ልጆች ይባላሉ። እንግዲህ መታዘዝ የልጅነት ፍሬ እንጂ የልጅነት ዋጋ አይደለም። ይህን ያልተረዳ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሲጾምና ሲሰግድ ኖሮ አባቱን ሳያውቀው ሊቀር ይችላል።

የሚታዘዙ ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። ባሪያ ጅራፉን ፈርቶ፣ ምንደኛ ደመወዙን አስቦ፣ ልጅ አባቱን ወድዶ ይታዘዛል። ሦስቱ በአንድ እርሻ ላይ ቢውሉ ሥራቸው አንድ ይመስላል። ልዩነታቸው የሚታወቀው ጅራፉ የራቀ፣ ደመወዙም የዘገየ ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ በእርሻው ላይ የሚገኘው ልጁ ብቻ ነውና። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 የተነገረው ታላቅ ወንድም ከአባቱ ቤት አልወጣም፤ ነገር ግን ያገለገለበትን ዘመን እንደ ባሪያ ቈጠረ፣ ያልተሰጠውንም ጠቦት አሰበ። ታናሹ በሩቅ አገር ሳለ አባቱን ሲያስታውስ፣ ታላቁ ከደጅ ቆሞ የአባቱን ልብ ሳያውቀው ቀረ። ይህ ምሳሌ ይልቁንም በቤተ መቅደስ የምናገለግለውን ካህናትን ይመለከታል።

እግዚአብሔር የሚወደን አባት ከሆነ ስለ ምን ብዙ ነገር ይከለክለናል? የሚል ሰው ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ በኩል ያለውን የለገዳዲን ግድብ ይመልከት። ይህ ግድብ የተሠራው በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ለዋና ከተማው የመጠጥ ውኃ እንዲሆን ነው። በጋን የማያውቅ እንግዳ በነሐሴ ወር በዚያ ቢቆም፣ ሜዳው ሁሉ ውኃ ሆኖ ሳለ ወንዙን መከልከል ምን ይጠቅማል? ሊል ይችላል። የካቲትና መጋቢት ሲደርሱ ግን የተከለከለው ውኃ በማጣሪያ አልፎ በቧንቧ ወደየቤቱ ይገባል። ግድቡን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ የከተማ ሰውም ከዚያ ቀድቶ ይጠጣል። የአባታችንም ትእዛዝ እንዲሁ ነው። ጾም ሥጋን ይገታል፤ ለነፍስ ግን ኀይል ያጠራቅማል። አታመንዝር የሚለው ሕግ ፈቃድን ይከለክላል፤ ትዳርንና ልጆችን ግን ከመበተን ይጠብቃል። እኛ የዛሬውን ክረምት ስናይ፣ አባታችን የሚመጣውን በጋ ያያል። ስለዚህ ከለከለ ማለት ነፈገ ማለት አይደለም።

ነገር ግን ይህ ምሳሌ መከራን ሁሉ አይተረጕምም። በዚያው በለገጣፎ ለገዳዲ ከተማ በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈርሰው፣ እናቶችና ሕፃናት ያለ መጠለያ ቀርተው ነበር። ለእነዚያ ሰዎች፣ አባታችሁ ለጥቅማችሁ ከለከላችሁ ብሎ የሚናገር ቢኖር ሰው ያደረገውን በእግዚአብሔር ያላክካል። የኢዮብ ወዳጆች የተገሠጹት ስለ እግዚአብሔር የሚከራከሩ መስሏቸው የተጨነቀውን ሰው ስላቈሰሉት ነው። እንዲህ ባለው ቀን የአባት ትእዛዝ አስቀድሞ የሚመጣው ቤቱ ወደ ፈረሰበት ሳይሆን ቤት ወዳለው ወንድሙ ነው። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 እንግዳን ስለ መቀበል፣ የታረዘውንም ስለ ማልበስ የተነገረው ለዚህ ነው። የተጨነቀው ሰው አባት አለኝ ብሎ እንዲታመን፣ የእኛ መታዘዝ ምክንያት ይሆነዋል። እኛ በራችንን ከዘጋን፣ እግዚአብሔርን አባት ብሎ ለመጥራት እንዲከብደው እናደርገዋለን።

የተጨነቀውም ሰው ማልቀሱንና መለመኑን እንደ አለማመን አይቍጠረው። ጌታችን ስለ እኛ ሰው ሆኖ በጌቴሴማኒ በጸለየ ጊዜ፣ አባቱን እየጠራ ጽዋው እንዲያልፍ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ ከዚያም ፈቃዱን ለአባቱ ፈቃድ ሰጠ። ልመናው መታዘዙን አልቀነሰበትም። ስለዚህ ልጅ ለአባቱ ሕመሙን ሳይሸሽግ ይነግረዋል፤ ከነገረውም በኋላ እጁን አይለቅም።

በመጨረሻም ወላጆችና የነፍስ አባቶች ይህን ያስቡ። ሕፃን አባት የሚለውን ቃል ትርጕም አስቀድሞ የሚማረው በቤቱ ነው፤ ንስሓ ገቢም ከነፍስ አባቱ ፊት ይማረዋል። በቤት ያለው አባት ቍጣ ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ሲያድግ በሰማይ ያለውን አባት እንደ ባሪያ ይፈራዋል። ቀኖና የሚሰጥ ካህንም ቍስሉን አይቶ መድኃኒቱን እንደሚመጥን ሐኪም ይሁን። ወላጅ ምክንያቱን እያስረዳ ይከልክል፤ ልጅ ምክንያቱ ባይገባው እንኳ የአባቱን ልብ አውቆ ይታዘዝ።

አባታችን ሆይ ብለን በጠራነው ቍጥር የታመነ ልብና የሚታዘዝ እጅ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።