የአስተዳዳሪነት ሥልጣንና የሶፍትዌር ማሻሻያ

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ በሚገኝ ትምህርት ቤት ብዙ ተማሪዎች በአንድ ኮምፒውተር ይፈራረቃሉ እንበል። ሁሉም በአስተዳዳሪ መለያ ቢገቡ ምን ይከተላል?

አንድ ፕሮግራም የከፈተውን ተጠቃሚ ሥልጣን ይወርሳል። ስለዚህ አስተዳዳሪ ሆኖ የገባ ተማሪ በፍላሽ የመጣ ቫይረስ ሳያውቅ ቢከፍት፣ ቫይረሱ የሥርዓቱን ፋይሎች ሊለውጥ ይችላል። በመደበኛ መለያ ቢከፍተው ግን ጉዳቱ ይወሰናል።

ይሁን እንጂ ሥልጣንን መገደብ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 «ዋናክራይ» የተሰኘው ቫይረስ በዊንዶውስ በራሱ ቀዳዳ እየገባ በዓለም ዙሪያ ተዛመተ፤ የተጠቃሚው መለያ መደበኛ መሆኑም አላገደውም። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወራት በፊት አውጥቶ ነበር።

ታዲያ ማሻሻያው በመደበኛ መለያ እንዴት ይጫናል? ኢንተርኔት ካለ የዊንዶውስ ማሻሻያ በሥርዓቱ መለያ ስለሚሠራ ተማሪው አስተዳዳሪ መሆን አያስፈልገውም። መስመሩ ደካማ ሆኖ ማሻሻያው በፍላሽ ተገልብጦ ሲመጣ ግን የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ግድ ይላል።

እንግዲህ ተማሪዎች በመደበኛ መለያ ይሥሩ፤ ኃላፊው መምህር ለማሻሻያ የተወሰነ ቀን ይመድብ። የይለፍ ቃሉም በፖስታ ታሽጎ በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ፤ አለዚያ መምህሩ ሲዛወር ኮምፒውተሩ እንደተቆለፈ ይቀራል።