ደብከ፤ ተያይዞ መርገጥ

ተማሪዎች፤ ስለ አንድ ሕዝብ ባህል ስትጽፉ «ጭፈራው እጅግ ያማረ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ እግር ምን እንደሚሠራ ግለጹ። የፍልስጤማውያንን ደብከ እንመልከት።

ስሙ የመጣው መሬትን በእግር መደብደብን ከሚያመለክት የዐረብኛ ቃል ነው። በገጠር የቤት ጣሪያ ጭቃ ሲለብስ፥ ጎረቤት ተጠራርቶ በሰልፍ እየረገጠ ያጠብቀው ስለ ነበር፥ ጭፈራው ከዚያ የደቦ ሥራ እንደ ተወለደ ይተረካል። ጨፋሪዎች እጅ ለእጅ ወይም ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይሰለፋሉ። ላዊህ የሚባለው መሪ ከሰልፉ ጫፍ ሆኖ መሐረብ ወይም መቁጠሪያ እያሽከረከረ እንዳሻው ይዘላል፤ የቀሩት ግን አረጋገጡን መሳት የለባቸውም። አንዱ ቢስት ሰልፉ ሁሉ ይናወጣል። ስለዚህ ጀማሪ የራሱን እግር ከማየት ይልቅ የያዘውን እጅ ግፊት መከተል ይማራል።

እ.ኤ.አ. በ1948 ከ700,000 ያላነሱ ፍልስጤማውያን ከቀያቸው ተፈናቀሉ። በዮርዳኖስ፥ በሊባኖስና በሶርያ የስደተኛ ሰፈሮች የተወለዱ ልጆች አያቶቻቸው ጥለውት የወጡትን መንደር ሳያዩ አረጋገጡን ይማራሉ። በ1979 አል-ቢሬ በተባለች ከተማ ኤል-ፉኑን የተሰኘው የጭፈራ ቡድን ተቋቋመ፤ በ2023 ደግሞ ዩኔስኮ ደብከን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። መዝገቡ መልካም ነው፤ ይበልጥ የሚደንቀው ግን ጣሪያው ሲሚንቶ ከሆነ በኋላ እንኳ አረጋገጡ አለመቅረቱ ነው።

መልመጃ፦ «ተጠራሩ»፥ «ተያያዙ» የሚሉት ግሦች የእርስ በርስ ድርጊትን ያመለክታሉ። እነዚህን የመሰሉ አራት ግሦች መርጣችሁ፥ በአካባቢያችሁ የምታውቁትን አንድ ጭፈራ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።